«ወተቴ አነሰ» ለምትል አራስ

በፉሪ ያላችሁ እናቶች! እናንተም የአራስ ጠያቂዎች ስሙኝ።

«ወተቴ አነሰ» የሚሉ አራሶች ብዙ ናቸው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ያልሁት ይህንኑ ነው። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር የስኳር ውሃ በጡጦ ሰጠነው። ጠግቦ ተኛ፤ ጡቴን ተወ፤ ወተቴም ጭራሽ ቀነሰ። ኋላ አንዲት አዋላጅ ነርስ ጡጦውን አስጣለችኝ። ደጋግሜ ሳጠባ በጥቂት ቀን ጡቴ አጋተ።

ጡት እንደ እንስራ አንዴ ተሞልቶ የሚቀመጥ አይደለም። ልጁ ሲጠባው ሰውነት ሌላ ወተት ይሠራል። ካልተጠባ ግን ሥራውን ይቀንሳል።

እንግዲህ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ አጥቡት። ቢጫውን እንገር አትድፉት፤ ትንሽ ቢመስልም ለጨቅላ ይበቃል። ከዚያ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቡ። ሌሊቱን አትዝለሉ። ልጁ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ይጉረስ።

አጥሚቱን እናቲቱ ትጠጣ፤ እሰየው! ለሕፃኑ ግን ሐኪም ካላዘዘ በቀር እስከ 6 ወር ውሃም አይሰጥ።

መቁጠር ተምራችሁ የለ? በደብተራችሁ ጠርዝ ላይ መስመር አስምሩ። ከ5ኛው ቀን በኋላ ልጁ በቀንና በሌሊት 6 ጊዜ ጨርቅ ካረጠበ ወተቱ ደርሶታል። ካነሰ፣ ወይም ፈዞ አልጠባ ካለ፣ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።