ክሬን ያነሣው ብረት

የዛሬው ንግግራችን በብረት ሕንፃ ሥራ ላይ ለተሰማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ነው። ሌሎቻችሁም ስሙን። ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ እዚያ ይውል ይሆናል።

ክሬን ብረት ሲያነሣ ሰው የሚጎዳው ክሬኑ ሲወድቅ ብቻ አይደለም። ገመድ ይበጠሳል። ብረት ይንሸራተታል። የተንጠለጠለ ብረት ዞሮ ሰውን ከምሶሶ ጋር ያጣብቃል።

በማንሻው ገመድ ላይ ትንሽ ምልክት አለች። በእሷ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ከቁጥሩ አጠገብ «ቲ» የምትባል የፈረንጅ ፊደል ካለች፣ ቶን ማለት ነች። 1 ቶን 10 ኩንታል ነው። እንግዲህ «2 ቲ» የሚል ገመድ፣ ቀጥ ብሎ ሲያነሣ፣ ከ20 ኩንታል በላይ አይጫንበትም። ጽሑፉ ካልተነበበ በገመዱ አትጠቀሙ። «ትናንት አንሥቶ የለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ትናንት ያነሣው ዛሬ ሊበጠስ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ባልዲ ውኃ ሲይዙ፣ ተጠጋግተው ከሄዱ ይቀላል። ከተራራቁ ክንድ ይዝላል። ውኃው ግን አልጨመረም። ገመድም እንዲሁ ነው። 10 ኩንታል ብረት በሁለት ገመድ ቀጥ ብሎ ቢነሣ፣ እያንዳንዱ ገመድ 5 ኩንታል ይይዛል። ገመዶቹ ግራና ቀኝ ከተከፈቱ ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ገመድ 4 ሜትር ሆኖ፣ መንጠቆው ከብረቱ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ እያንዳንዱ ገመድ 10 ኩንታል ይሸከማል። ብረቱ ያው ነው፤ የገመዱ ሸክም እጥፍ ሆነ።

ነፋስም ጭነት ነው። በ1991 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ፣ አንድ ትልቅ ክሬን ከ400 ቶን በላይ የሚመዝን የስታዲየም ጣሪያ አንሥቶ ሳለ ወደቀ። ቀኑ ነፋሻ ነበር። 3 የብረት ሠራተኞች ሞቱ። ከጣሪያው ሥር አልነበሩም። በሌላ ክሬን በተንጠለጠለ ቅርጫት ውስጥ ነበሩ።

ብረቱ መጀመሪያ አንድ ስንዝር ይነሣና ይቁም። ገመዱ ይታይ። የብረት ጠርዝ ገመድ ይቆርጣልና በመካከላቸው መከለያ አድርጉ። ብረቱን በእጅ አትምሩት፤ ጫፉ ላይ ገመድ አስራችሁ ከርቀት ምሩት። ለክሬን ነጂው ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ቁም» ማለት ግን ማንም ይችላል፤ ትናንት የተቀጠረው የቀን ሠራተኛም ቢሆን።

እስቲ ደብተራችሁን ክፈቱ። «ቁም» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ይህን አስሉ፦ «3 ቲ» የሚል ገመድ ቀጥ ብሎ ስንት ኩንታል ያነሣል?