ነገር አዋሳጁ በ«ከሊላ ወዲምና» እና በ«ኦቴሎ»

 

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ነሚማ፣ ማለትም ወሬ እያመላለሱ ሰውን ከሰው ስለማጣላት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ሁለት የቆዩ ድርሰቶችን ጎን ለጎን እንመለከታለን። «ኢማም ከተረት ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን ወንድም አይጠፋም። መድረሳ ሳለን ዐረብኛ ካለማመዱን መጻሕፍት አንዱ ግን «ከሊላ ወዲምና» ነበር።

የመጽሐፉ መነሻ የሕንዱ «ፓንቻታንትራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፋርስ ቋንቋ፣ በ8ኛው ደግሞ በኢብኑል ሙቀፈዕ እጅ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። ዲምና የተባለው ቀበሮ አንበሳውን ከወዳጁ ከበሬው ያጣላል። ለአንበሳው በሬው ሊከዳው እንዳሰበና ሲመጣ እየተንቀጠቀጠ ቀንዱን አዘጋጅቶ እንደሚያየው ይነግረዋል። ለበሬውም አንበሳው ሊበላው ጆሮውን አቁሞ እንደሚጠብቀው ይነግረዋል። ሲገናኙ ሁለቱም የተነገራቸውን ምልክት አዩ። ምልክቱን ያመጣው ግን የገዛ ፍርሃታቸው ነበር። በሬው ተገደለ።

በሼክስፒር «ኦቴሎ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው ቴአትር፣ ኢያጎ የሚጠቀመው በመሐረብ ነው። ኦቴሎ በሚስቱ ላይ ማስረጃ መጠየቁ ደግ ነበር፤ የጠየቀው ግን ከሳሹን ራሱን ነው። ሚስቱን ሲጠይቃትም በልቡ ፈርዶባት ነበር።

ፍጻሜያቸው ይለያያል። በሕንዱ ድርሰት ቀበሮው ከጌታው ጋር ተመችቶት ይኖራል። በዐረብኛው ግን ዲምና ለፍርድ ይቀርባል፤ ይህን ምዕራፍ የጨመረው ኢብኑል ሙቀፈዕ ራሱ እንደሆነ ብዙ ምሁራን ያምናሉ። እኛ የምንወደውም ይህንኑ ነው። ሁለት ምስክር እስኪሟላ ድረስ በነገረኛው ላይ እንኳ አልተፈረደበትም!

በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ መዲና ውስጥ ሐሰት በተወራ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በችኮላ አልፈረዱም። በቅርብ የሚያውቋትን ጠየቁ። ጣውንቷ ዘይነብ (ረ.ዐ) እንኳ ከመልካም በቀር የማታውቅባት መሆኗን መሰከረች። በመጨረሻም የዓኢሻን ንጽሕና አላህ (ሱ.ወ) በሡረቱ ኑር አወረደ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም ሊፈታ ቆርጦ እኛ ዘንድ መጣ። ጎረቤት «ሚስትህ አምባሯን ለሌላ ሰው ሰጠች» ብሎት ነበር። ቤቱ ሲገባ እጇን አየ፤ አምባሩ የለም። «ጠየቅካት?» አልነው። ዝም አለ። አስጠራናት። ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ባሏን ላለማስጨነቅ ብላ አምባሩን ሸጣ የሕክምናውን ከፍላለች። ደረሰኙ እዚያው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።