ሁምቦን ብፈልግ ሁምቦልትን አመጣልኝ

(በሁምቦ ጠበላ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



እኔ የዚሁ የሁምቦ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ «አገርህ ወዴት ነው?» ሲሉኝ «ሁምቦ» እላለሁ። «የት ነው ደግሞ እሱ?» ይሉኛል። «ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲኬድ» ስላቸው፣ «አሃ! አርባ ምንጭ!» ብለው እኛን ዘለው ያልፋሉ። አውቶቡሱም እኮ እንዲሁ ነው የሚያደርገን!

አንድ ቀን በዚህ ነገር በገንኩና፣ ሁሉን ያውቃል የሚባለውን የኢንተርኔት መፈለጊያ ልጠይቀው ተነሣሁ። የትኛውን እንደሆነ ስሙን አልጠራም፤ ክስ እፈራለሁ። ስማችንን በላቲን ፊደል ጽፌ ሳልጨርስ «ሁምቦልት ማለትህ ነው?» ብሎ ተቀበለኝ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ማለት ይሄ ነው። ሁምቦልት በ1769 እ.ኤ.አ. የተወለደ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማር። ግን ምን ልበላችሁ፣ ጠበላ ገበያ ቆሞ አያውቅም!

«የለም፣ ሁምቦ ነው ያልኩት» ብዬ ድርቅ ስልበት ደግሞ ደናችንን ዘረገፈልኝ። ያንን 2,728 ሄክታር ተራራ ታውቁታላችሁ። ወርልድ ቪዥንና የዓለም ባንክ ገብተውበት፣ የኛ ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ የጉቶውን ቡቃያ እየመለመሉና ከብት እንዳይገባ እየጠበቁ ያስመለሱት ደን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ መዝገብ ገብቷል። ከአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ተብሎም ተመስግኗል። ያኮራል፤ እኔም ኮርቻለሁ። ነገር ግን አንዱን ገጽ ብከፍት ካርቦን፣ ሌላውን ብከፍት ካርቦን! ገበያው የለም፣ ለቅሶው የለም፣ ጊፋታው የለም። በመፈለጊያው ዓይን ሁምቦ ማለት ዛፍ ነው። ሰው ከተገኘም ስሙ «ተጠቃሚ» ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ነገሩ ምርጫ ነው። ጉግልን በ1998 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ያመጡት ብልሃት ይሄ ነው፤ አንድ ድረ ገጽ ሌላውን ሲጠቁም ድምፅ እንደሰጠው ይቆጠራል። የጠቋሚው ድምፅ ግን እኩል አይደለም። ትልቁ ከጠቆመህ ከፍ ትላለህ፤ እንደኔ ያለው ከጠቆመህ እዚያው ትቀራለህ። «ካለው ተወለድ ወይ ካለው ተጠጋ» የሚለውን ተረት ሒሳብ አደረጉት እንጂ ሌላ ምን አደረጉ? ለዚህ ዓይነቱ ምርጫ እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለንም። የዓለም ባንክ ብዙ ጠቋሚ አለው። የጠበላ ሰው ማን ይጠቁመው?

የፊደሉ ጣጣ ደግሞ አለላችሁ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በሁለቱ «ጸ» እና በሦስቱ «ሀ» እያፈራረቃችሁ ጻፉት፤ ስድስት ፀሐይ ይወጣላችኋል። እኛ ስናነበው አንድ ነው። እኔ የጠየቅሁት መፈለጊያ ግን «ሐኪም» ስለው አንድ ዝርዝር፣ «ሀኪም» ስለው ሌላ ዝርዝር አመጣልኝ። ታማሚው ፊደል እስኪያስተካክል ይሙት እንዴ?

ዘመኑም ተምታቶበታል። «1992 ሶዶ» ብዬ ብጠይቀው የደርግን መውደቅ ማግስት ይተርክልኛል። እኔ የምለው የኛን 1992 ዓ.ም. ነው! የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚል መማሪያ ሲጭኑብን፣ ሶዶ ላይ ሕዝቡ እምቢ ብሎ የተነሣበትን፣ ሰው የሞተበትን ዘመን። መጻሕፍቱ በኋላ ተነሡ። ዛሬ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያንን ቢፈልግ በቀላሉ ያገኘዋል? ስምንት ዓመት ወደኋላ ወስዶ ሌላ ታሪክ ይነግረዋል።

«ታዲያ የሚያመጣው እውነት ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ጉግል ራሱ የሚያጠናቅረውን መልስ ከላይ ማስቀመጥ እንደጀመረ ምን አለ መሰላችሁ? ፒዛ ላይ አይቡ እንዳይንሸራተት ሙጫ ጨምሩ፤ በቀን አንድ ትንሽ ድንጋይ መብላትም ጥሩ ነው! ሰዎች ለቀልድ የጻፉትን እንደ ቁምነገር ወስዶት ነው። ቀልድና ቁምነገር የማይለይ ሹም ስናይ የመጀመሪያችን ባይሆንም፣ ድንጋይ ብሉ ያለን ግን ይሄኛው ነው።

ይሁን እንጂ ማሽኑን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. «ከ200 በላይ ድረ ገጾች ተከፈቱ» ሲባል ሰማን። ለካ ተዘግተው ኖሯል! ስንቶቻችን ነን ኔትወርኩ ደክሞት ነው ብለን የታገሥን? በሰኔ 2011 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ጠፋ። በሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሳምንታት ተዘጋ። ሰኔ ክረምት ያስገባል ሲባል እናውቅ ነበር፤ ጨለማ ማስገባቱን ግን ከመንግሥት ተማርን። መፈለጊያው ሁምቦን አጣት፤ መንግሥት ደግሞ መፈለጊያውን አጠፋው። እኛ መሐል ቤት ቆመን ቀረን።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ባለፈው ዘመዴ እንሰቱ ጠወለገበትና «እስቲ በዚያ ስልክህ ጠይቅልኝ» አለኝ። በወላይትኛ ጠየቅሁ፤ ምንም። በአማርኛ ጠየቅሁ፤ ጥቂት። በእንግሊዝኛ ስጠይቅ የምርምር ጽሑፍ ጎረፈ። ስንት ሰዓት አንብቤ ያገኘሁት ይሄ ነው፤ የታመመውን ነቅለህ ቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት ሳታነጻ ጤነኛውን አትንካ። ደስ ብሎኝ ስነግራቸው፣ አጠገባችን የተቀመጡት እማማ፣ «ይሄንንማ እናቴም ታውቅ ነበር፤ እኔን አትጠይቀኝም?» አሉኝ። አፈርኩ።

እማማ የሚያውቁትን ማንም አልጻፈውም። ማሽኑ የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። በዚህ ዘመን ግን ዝም ይነቅዛል! እኛ ዝም ስንል ሌላው ይጽፍልናል፤ ያውም «ተጠቃሚ» እያለ።

እናንተ ተማሪዎች፣ በየቤታችሁ እማማ አሉ። ጠይቁና ጻፉ፤ በወላይትኛም በአማርኛም ጻፉ። የ1992ን ነገር ያዩ መምህራንም ሳያልፍባችሁ ጻፉ። መምህራኑ ቢፈሩ እንኳ እናንተ ጠይቋቸው። ያ ተራራ ራቁቱን በቀረ ጊዜ ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት ነበረ፤ የሚጠብቀው ሰው ሲያገኝ ነው የበቀለው። የእማማም እውቀት እንደዚያው ነው።

ያን ጊዜ «ሁምቦልት ማለትህ ነው?» ሲለን፣ «የለም ጌታዬ፣ ሁምቦ ነው ያልነው» ብለን የምናሳየው ይኖረናል።