ወለሉ መስተዋት ስለ ሆነው የሕዋስ ሳሕን



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ሳሕን ነው። ለአንዳንዶቻችሁ የዕቃ ግምጃ ቤት ወሬ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን የሕዋስ ሥዕል በደበዘዘ ቍጥር የሚወቀሰው ማይክሮስኮፑ ስለ ሆነ፥ ወቀሳውን ወደ ባለቤቱ ለመመለስ ተነሥተናል።

ጀርመናዊው ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1887 በስሙ የሚጠራውን ሳሕን ሲያስተዋውቅ፥ ዕቃው የታሰበው ለባክቴሪያ ማብቀያ ነበር። በሳሕን ውስጥ ያለ ሕያው ሕዋስ ግን በአብዛኛው የሚታየው ከታች ነው፤ ኦብጄክቲቩ ከሳሕኑ ሥር ሆኖ ሽቅብ ይመለከታል። እንግዲህ ብርሃኑ የሳሕኑን ወለል ሳያልፍ ወደ ዓይናችን አይደርስም ማለት ነው።

ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። ብርቱዎቹ ኦብጄክቲቮች በብዛት የሚሠሩት 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው መስተዋት ተመጥነው ነው። የተራው ፕላስቲክ ሳሕን ወለል ግን ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። በዘይት የሚሠራው ባለ 100 ኦብጄክቲቭ ደግሞ አጥርቶ የሚያየው ከአፉ ጥቂት የሚሊሜትር አሥረኛ ያህል ብቻ ርቆ ያለውን ነገር ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩን ገፍቶ ይቆማል እንጂ ሕዋሱ ዘንድ አይደርስም፤ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን!

መፍትሔው መካከሉ ተበስቶ «ቍጥር 1.5» የሚባለው ስስ መስተዋት የተለጠፈበት ሳሕን ነው። ቍጥር 1 የተባለውም መስተዋት ነው፤ ግን ይሳሳል፥ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቍጥሩ ይነበብ። ዋጋው ከተራው እጅግ ስለሚበልጥ፥ በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች 35 ሚሊሜትሩን ሳሕን በስተው መስተዋቱን በሲሊኮን ራሳቸው ያጣብቃሉ። እኛም ይህን እንደግፋለን። ሆኖም የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣልና፥ ፈጽሞ ሳይደርቅና ሳይታጠብ ሕዋስ አይጨመርበት። በባዶ መስተዋት ላይ ደኅና አድርገው የማይጣበቁ ሕዋሳትም አሉ፤ ለእነርሱ አስቀድሞ ኮላጅን ወይም ፖሊላይሲን ይቀባል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ ሲጠራ ሰው መብራቱን ማብዛት ይወዳል፤ ብዙ ብርሃን ደግሞ ሕዋሱን ይጎዳል። 37 ዲግሪው ሙቀትና 5 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሟላለትም እንኳ ሕዋሱ በመብራቱ እየሞተ፥ እኛ የአሟሟቱን ምልክት የኑሮው ሥራ ነው ብለን በመመረቂያ ጽሑፋችን ልናሰፍር እንችላለን። ስለዚህ ብርሃን ያልነካው ሌላ ሳሕን በአጠገቡ ተቀምጦ በመጨረሻው ሰዓት ይመሳከር። መምህራኖቻችንም ሥዕል ሲቀበሉ የወለሉን ውፍረትና የዚያን የሁለተኛውን ሳሕን ውጤት አብረው እንዲጠይቁን እንለምናለን።