ከመድኃኒት በፊት ኩሬውን
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በዓሣ ኩሬው ቡድን የቀረበ ንግግር



ቆሮሶ ስናጸዳ ሥጋው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቢጫ ነገር እናገኛለን። ገዢ እሱን ሲያይ ትቶን ይሄዳል። «ለምን መድኃኒት አይገዛለትም?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ዛሬ መልሳችንን ይዘን ቀርበናል።

ይህ ትል ክሊኖስቶመም ይባላል። በሀገራችን ሐይቆች ባሉ ዓሦችም ላይ ተገኝቷል። የሚጎለምሰው እንደ ሳቢሳ ባሉ ዓሣ በል ወፎች አፍና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ወፏ ዓሣ ስታድን እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይገባል። የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የዓሣውን ሥጋ ሰርስሮ ይቀመጣል። ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ አይተላለፍም። ስለዚህ ቀንድ አውጣ ከሌለ ትሉ መንገዱ ይዘጋል።

ፕራዚኳንቴል ለአንዳንድ የዓሣ ትሎች ይረዳል፤ የሚሰጠውም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ነው። ስንጥብና ቆዳ ላይ ለሚጣበቁት ጥቃቅን ትሎች ደግሞ በ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ጨው በጥብጦ ዓሣውን ለ10 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይጠቅማል፤ ዓሣው ከተንገዳገደ ቶሎ ማውጣት ነው። ሥጋ ውስጥ የገባውን ግን ጨው አይደርስበትም። ቀንድ አውጣው ኩሬው ውስጥ እያለ መድኃኒት መግዛት በተሸነቆረ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ዓሣውን አውጥተን ኩሬውን እናፈስሳለን፤ መሬቱ እስኪሰነጣጠቅ እናደርቀዋለን። ለ1 ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም የተቃጠለ ኖራ እንበትናለን፤ ኖራው ዓይንና እጅ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ቀንድ አውጣ የሚጠለልበትን የዳር ሣር እናጭዳለን፤ የውኃ መግቢያውን በወንፊት፣ ኩሬውን ከላይ በመረብ እንሸፍናለን። ወፎቹን አንገድልም። ጫጩት የምንጨምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ውኃው ተለውጦ ነው።

ለቤታችንም አንድ ነገር እንጨምር። አሞራ ገደል ሄዶ ጥሬ ዓሣ የሚበላ ብዙ ነው። ይህ ትል አልፎ አልፎ በሰው ጉሮሮም ላይ ይጣበቃል፤ በደንብ ከበሰለ ግን ይሞታል።

ለጋሾቻችን፣ ለመድኃኒት ያሰባችሁትን ለኖራና ለመረብ አድርጉልን። እህቶቻችን፣ አዲሶቹ ጫጩቶች ለገበያ እስኪደርሱ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ከኩሬው ገቢ የለም። የቡድኑ የብድር ክፍያ እስከዚያ እንዲራዘም ዛሬ እንድትወስኑልን እንጠይቃለን።