ሽጉጡን ከመሸጣችሁ በፊት አያታችሁን ጠይቁ

(ጅግጅጋ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። ላልተገኛችሁ እንዲደርሳችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል። አንብባችሁ ለሌላው አካፍሉ።)



ዛሬ ስለ አንድ ሽጉጥ ነው የማወራችሁ። የአያቴ ነበር። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ «ይሄ ማርዳ ላይ ከጣሊያን የተማረከ ነው» ይላል፤ እኛም ደረታችንን እንነፋለን። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ዝገቱ አስጠላኝና ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ ቀኑን ሙሉ ፈገፈግኩት። መስታወት አስመሰልኩት! ከዓመታት በኋላ አንድ የሚያውቅ ሰው አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ጽሑፉን እኮ አጠፋኸው። ደግሞም ይሄ የጣሊያን ሥራ አይደለም፤ የእንግሊዝ ነው» አለኝ።

አያቴ በዚያን ጊዜ አርፏል። ማንን ልጠይቅ?

እንዲህ ያለ ዕቃ በጅግጅጋም፣ በቀብሪ በያህም፣ በአውበሬም፣ በቶጎ ውጫሌም ባለ ቤት ውስጥ ቢገኝ አይገርምም። ምክንያቱ ታሪኩ ነው። ጣሊያን ጅግጅጋን የያዘው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከሞቃዲሾ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 8 ቀን ጅግጅጋ ገባ። መጋቢት 12 ቀን ማርዳ ላይ፣ ማለትም በካራማራ ሰንሰለት በር ላይ፣ ውጊያ ሆነ። ከፊት ሆነው የተዋጉት የናይጄሪያ ወታደሮች ነበሩ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? መጋቢት 17 ቀን ሐረር ተያዘች። እንግሊዝ ግን ወዲያው አልሄደም። ጅግጅጋ የተመለሰችው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐውድ ደግሞ እስከ 1955 እ.ኤ.አ. በእጁ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ወደ እኛ ቤት የሚገባበት በር አንድ ብቻ አይደለም።

ታዲያ የትኛው በየትኛው በር እንደገባ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ጥይት የለውም ብላችሁ አትመኑ፣ ምላጩን አትንኩ፣ ለመሞከር አታስቡ። ያረጀ ጥይት የሰው እጅ ይወስዳል። የምነግራችሁ በዓይን ስለሚታየው ብቻ ነው። የማወራውም ጥይቱ በሚሽከረከር ክብ ቤት ውስጥ ስለሚገባበት፣ ስድስት ጎራሽ ስለሚባለው ነው።

የጣሊያኑ ቦዴዮ ይባላል፤ የ1889 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። የሚጎርሰው በስተቀኝ ባለች ትንሽ መዝጊያ በኩል ጥይቱን አንድ በአንድ ነው። የተራ ወታደሩ በርሜሉ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ምላጩ ይታጠፋል፣ የሚከልለው ቀለበትም የለውም። የመኮንኑ በርሜሉ ክብ ነው፣ ምላጩም ቀለበት አለው።

የእንግሊዙ ዌብሊ ሌላ ነው። ከላይ ሲፈታ በርሜሉ ወደ ታች ይሰበራል፤ ቀለሁ በአንዴ ብድግ ይላል። ማርክ ስድስት የሚባለው ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ነው። በርሜሉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ኤንፊልድ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ በ1932 እ.ኤ.አ. ጦሩ የተቀበለው ነው፤ እሱም እንደዚያው ይሰበራል፤ ግን ቀለል ይላል፣ ጥይቱም አነስ ያለ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ትንሽ የቀስት ጫፍ ናት። እሷን ፈልጉ።

ሦስተኛው የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው። እሱ አይሰበርም፤ የጥይት ቤቱ ወደ ግራ ወጣ ይላል። ቁጥሩ «ቪ» በሚለው የላቲን ፊደል ከጀመረ ከ1942 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ነው። እስቲ አስቡት፤ የማርዳ ውጊያ የሆነው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። «ቪ» ያለበትን ሽጉጥ «አያቴ ማርዳ ላይ የማረከው ነው» ብትሉ ብረቱ ራሱ ይመሰክርባችኋል!

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። ሽጉጡ ላይ 1917 የሚል ዓመት ብታዩ የእኛ አቆጣጠር አይደለም፤ የፈረንጅ ነው። በእኛ 1909 ወይም 1910 ይሆናል ማለት ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መሣሪያ ነው።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ጥያቄ፦ «ስንት ያወጣል?» እውነቱን ልንገራችሁ። ማርክ ስድስት በመቶ ሺዎች ነው የተመረተው። ብረቱ ብቻውን ብርቅ አይደለም። ዓለም ላይ ያሉ ሰብሳቢዎች የሚያዩት ሌላ ነው። የመጀመሪያ ቀለሙ አለ ወይ? አካሉና የጥይት ቤቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው ወይ? የቆዳ ማኅደሩ፣ እጀታው ሥር ያለችው የገመድ ቀለበት አሉ ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ የማን ነበር፣ በምን ይረጋገጣል? ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የሽማግሌ ምስክርነት። አንድ ዓይነት ሁለት ሽጉጦች አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ ታሪኩ የታወቀው ከሌላው እጅግ ይበልጣል። በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገው ደግሞ፣ እንደ እኔው፣ ዋጋውንም ምስክርነቱንም አጥቷል።

ግን ዋጋ ስላልኩ ወደ ገበያ አትሩጡ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። «አሮጌ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንላችሁም። ቤታችሁ ካለ ይዛችሁት መንገድ አትውጡ። ባለበት ትታችሁት፣ ከቤተሰቡ ትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ፖሊስ ጋ ሂዱና ምን ላድርግ ብላችሁ ጠይቁ። ቅርስ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮም አሳውቁ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። ቅርባችን ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም አለ፤ አንድ ሰው በራሱ ጥረት የሰበሰበው ቅርስ ነው። ሄዳችሁ እዩት።

የእኛን ቤት ሽጉጥ ቤተሰቡ ተመካክሮ ለፖሊስ አስረክቦታል። አሁን ጸጸቴ ብረቱ አይደለም። አያቴ ያንን የእንግሊዝ ሽጉጥ ከየት አገኘው? ማርዳ ላይ ነበር? ለእንግሊዝ አስተዳደር ፖሊስ ሆኖ አገልግሎ ይሆን? ወይስ ገዝቶት? አላውቅም። ለሃያ ዓመት አብሬው እየኖርኩ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልጠየቅኩትም። «ከጣሊያን ተማረከ» የሚለው ወሬ ጣፍጦኝ ነበር፤ የጣፈጠ ነገር ደግሞ አይመረመርም።

ወገኖቼ፣ ተረት አያስፈልገንም። ኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ከፊታውራሪ ሽፈራው ጋር ተሰልፎ የተዋጋው ኦመር ሰመተር ተረት አይደለም። ቆራሄ ላይ በአውሮፕላን ቦምብ ቆስሎ ሕይወቱ ያለፈው አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ተረት አይደለም። እውነተኛ ጀግና ያለው ሕዝብ ለምን የተፈጠረ ታሪክ ያወራል? አያታችሁ ማራኪ ባይሆን፣ ዘበኛ ወይም ነጋዴ ቢሆን፣ ያ ታሪክ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው አለማወቅ ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አውጡ። የሽጉጥ ፎቶ እንዳትለጥፉልን! መቅጃውን ክፈቱና ከአያታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉ። «አዬዮ፣ ያን ጊዜ የት ነበርሽ? እንግሊዝ ሲገባ ምን አየሽ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ።

ብረት መቶ ዓመት ይቆያል። የአያታችሁ ድምፅ ግን ነገ ላይኖር ይችላል።