ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ
ስለ ቦርጭ ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



 መሪ ላይ አምሽታችሁ፣ እንቅልፋችሁን ሳትጠግቡ የመጣችሁ ሾፌሮች፣ ንግግሬ ከሁሉ በፊት ለእናንተ ነው።

ስለ ቦርጭ ሲነሳ አንዳንዱ ነገሩን የመልክ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው የምቾት ምልክት ያደርገዋል። ከወራት በኋላ ያገኘነውን ወዳጅ «ተመችቶሃል፣ አማረብህ» የምንለው ብዙ ጊዜ ሆዱን አይተን ነው። ረሃብን በሚያውቅ አገር እንዲህ ያለ ሰላምታ መለመዱ አያስገርምም፤ ክፋትም የለበትም። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል። በ2007 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን የሚመለከተው ጥናት፣ ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የምንቀመጥበት ሰዓት ረዝሟል፤ የምንጠቀመው ዘይትና ስኳርም በዝቷል። ዛሬ የምሟገተው ስለ አንድ ነገር ነው። ቦርጭ የሚመጣው ቀን ከምንውልበት መቀመጫና ማታ ከምንቀርብበት ገበታ ነው፤ የሚሄደውም እነዚህ ሁለቱ ሲለወጡ ነው። ሆድን ለብቻው ነጥሎ የሚያከሳ ዘዴ የለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም በለንደን የልብ ሕመም ለምን እንደተስፋፋ ማጥናት ጀመረ። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች በዚያን ጊዜ ሁለት ሠራተኞች ነበሯቸው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ሒሳብ ይሰበስባል። የሚኖሩት በአንድ ከተማ፣ የሚሠሩትም በአንድ መኪና ላይ ነው፤ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። ሞሪስ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ሲያወጣ፣ ትኬት ቆራጮቹ ከሾፌሮቹ ያነሰ የልብ ሕመም እንዳለባቸው፣ ሲይዛቸውም ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ እንደሆነ ታወቀ። በፖስታ ቤትም ያው ሆኖ ተገኘ፤ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት ወንበር ላይ ከሚውሉት ይሻሉ ነበር።

ለዛሬው ጉዳያችን ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ቀጥሎ ያደረገው ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ያሰፋ ስለነበር፣ ሞሪስና ባልደረቦቹ የሱሪዎቹን የወገብ ልክ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ በየትኛውም ዕድሜ የሾፌሮቹ ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ ይሰፋል። ሞሪስ ጠንቃቃ ሰው ስለነበር ከዚህ ቸኩሎ ብይን አልሰጠም፤ ምናልባት ቀድሞውኑ ወፈር ያሉት ሰዎች ይሆኑ ሹፍርናን የሚመርጡት ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተደረጉት በርካታ ጥናቶች ግን መንቀሳቀስ ራሱን ችሎ ልብን እንደሚጠብቅ አረጋግጠዋል። ሞሪስ ራሱም ስፖርት የማይለየው ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያርፍ ዕድሜው 99 ነበር።

ይህን ታሪክ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሳሪስ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በገላን አድርጎ ወደ ሞጆና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የአገሪቱ ዋና የጭነት መንገድ ነው። ተሳቢው የሚያድረው፣ ጋራዡና መለዋወጫ መሸጫው የተደረደረው፣ ጉምሩክ የሚጠበቀው እዚህ ነው። የአንድ ከባድ መኪና ሾፌር ውሎ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ሞተር ይነሳል። ቁርስ መንገድ ላይ ጨጨብሳ ወይም ቅቤ የጠገበ ፍርፍር ነው። ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ለስላሳ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ወረፋ ሲጠበቅ ጫት። ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ሰውነት ሊያርፍ ሲል፣ ጥብስና ሁለት ሦስት ቢራ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ መኝታ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እግር የሠራው ሥራ ፍሬንና ፍሪሲዮን መርገጥ ብቻ ነው። የታክሲ ረዳት ቢያንስ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይጣራል። በከተማችን አውቶቡስ ግን ትኬት ቆራጩም ተቀምጦ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ሾፌር ያልሆናችሁም ከዚህ አታመልጡም፤ ድሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመው ይውሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሱቅ ጠባቂ፣ ገንዘብ ተቀባይና ጥበቃ ሆነው ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። የሆድ ስብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት ቆንጥጠን የምንይዘው ነው። ሁለተኛው ከሆድ ጡንቻ ወደ ውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚጠራቀመው ነው፤ አይቆነጠጥም፣ ሆድን ግን ወደፊት ይገፋል። አደገኛው ይህ ነው። ከዚህ ስብ የሚለቀቀው ቅባት በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ቅባት ይይዛል፤ ኢንሱሊን በቅጡ መሥራት ያቅተዋል፤ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመረተ ይደክማል፤ በመጨረሻም ስኳር በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ግፊቱም አብሮ ይጨምራል። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የወጣ ሰው «እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም» ሲል ልንሰጋለት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ልኩን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ፤ የዳሌን አጥንት ጫፍም ፈልጉ፤ ሜትሩን በሁለቱ መካከል በባዶ ቆዳ ላይ አዙሩት። ሆድን ሳትስቡ፣ ትንፋሽ እንደወጣ አንብቡት። ለወንድ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር ማስጠንቀቂያ ነው፤ 102 እና 88 ሲደርስ አደጋው ከፍ ይላል። የሱሪ ቁጥር ግን አታላይ ነው። ብዙ ወንዶች ሱሪያቸውን ከቦርጩ በታች ስለሚታጠቁ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ሆዱ ግን ከቀበቶው በላይ ወጥቶ ሄዷል።

ቦርጭ ለማጥፋት ተብለው ስለሚሸጡትና ስለሚመከሩት ነገሮች በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ለፍቶ አዳሪ ገንዘቡን ሲበትንባቸው ማየት ያሳዝነኛልና። በጀርባ ተኝቶ መነሳት የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ በላዩ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያቀልጥም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቴኒስ ተጫዋቾችን ክንድ የለኩ ተመራማሪዎች፣ ራኬት የሚይዘው ክንድ ጡንቻው ቢዳብርም ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ከሌላው ክንድ እንደማያንስ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የአሜሪካ ጥናትም፣ ለስድስት ሳምንት የሆድ ስፖርት ብቻ የሠሩት ሰዎች የሆድ ስባቸው አልቀነሰም። ሰውነት ስብን የሚያወጣው ከመላው አካል ነው፤ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነውም እሱ ነው። ስቲም ገብቶ መውጣት፣ ላስቲክ ታጥቆ መሮጥ የሚቀንሰው ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል። አራስ እናቶች የሚታጠቁት መቀነት ወገብን ይደግፋል፤ ስብን ግን አያስወጣም። ማርና ሎሚ በሙቅ ውኃ መጠጣትም ስብ አያቃጥልም፤ ማሩ ራሱ ስኳር ነው።

የሚሠራው ምንድን ነው? ከገበታ ልጀምር፤ ወገብን በመቀነስ በኩል የምግብ ድርሻ ከስፖርት ይበልጣልና። እንጀራን የጠላት ያህል የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጤፍን በደለኛ ማድረግ አልፈቅድም። ችግሩ ሦስተኛው እንጀራ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በወጡ ውስጥ ነው። ወጥ ሲሠራ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ ከጄሪካኑ በግምት ይንቆረቆራል፤ ወጡ ወደ መጨረሻው ዘይቱን ከላይ ሲያወጣ «አማረበት» ይባላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ ያንን ለማቃጠል አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ አለበት። ስለዚህ ለቤተሰብ ወጥ ዘይቱን በማንኪያ ቆጥሮ ማስገባት፣ ሽንኩርቱን በጥቂት ውኃ ማቁላላት፣ በስፖርት አዳራሽ ከሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ በላይ ይጠቅማል። ይህ ምክር ለኪስም ይበጃል፤ የዘይትን ዋጋ ለእናንተ አልነግርም።

ጾም ትልቅ ጸጋችን ነው። የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይታቀባሉ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ በዓለም ብዙ አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ አጥጋቢና ለጤና የተመቸ ነው። ነገር ግን የጾም ቀን ቁርስ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ፣ ምሳው በዘይት የዋኘ በየዓይነቱ ከሆነ፣ ከሥጋው የተረፈውን ዘይቱ ይመልሰዋል። በፋሲካ ማግስትም የ55 ቀኑን በሳምንት መመለስ ያው ነው። ሙስሊም ወገኖቼም በረመዳን ማታ የሚቀርበውን ጥብስና ጣፋጭ በዚሁ ዓይን ይመልከቱት።

ስለ መጠጥ አጭር ልሁን። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው፤ የሚያጠግበው ግን ምንም ያህል አይደለም። አልኮል ሲገባ ደግሞ ሰውነት አልኮሉን ለማቃጠል ቅድሚያ ስለሚሰጥ ስቡ ባለበት ይቆያል። ለስላሳውንና ቢራውን በውኃ የሚተካ ሰው ልዩነቱን ከጊዜ በኋላ በሜትር ሊያየው ይችላል።

ጎመንና ሰላጣ ብሉ ስል አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። በአቃቂ ወንዝ የሚለማው አትክልት ከፋብሪካ ፍሳሽ ከባድ ብረቶችን እንደሚወስድ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ማጠብ ጀርምንና አፈርን ያስወግዳል፤ በቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ነዋሪውን አትክልት ብላ ብሎ መክሮ ወንዙን በፍሳሽ መተው ፍትሕ አይደለም፤ የሚመለከታችሁ ሁሉ ይህን እንደ ጤና ጉዳይ ያዙልን። እስከዚያው አትክልቱ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ግዙ።

ወደ እንቅስቃሴ ስንመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ ማለት ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ነው። በዋናው መንገድ ዳር በአቧራና በሲኖትራክ መሐል ተራመዱ አልላችሁም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ግን የለንደኑ ትኬት ቆራጭ የነበረው ደረጃ አላችሁ፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ሰዎች መኖሪያችሁን እንደ መከራ አትቁጠሩት። ሾፌሮች ጭነት ሲራገፍና ወረፋ ሲጠበቅ ከጋቢናው ውረዱ፤ መኪናውን ዙሩ፤ ተማሪ ቤት የሠራነውን ቁጭ ብድግ ሥሩ፤ የመኪናውን ጎን ተደግፋችሁ ፑሻፕ ሥሩ። በ2011 ዓ.ም በተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና በሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» ቀንም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። እንቅልፍንም አትናቁ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ረሃቡ ይበረታል፤ የሚያምረውም ጣፋጩና ቅባቱ ነው።

ውጤቱን በምን ያህል ጊዜ እናያለን ትሉኝ ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ የቀነሰ ሰው በሚገባ ሠርቷል። ውስጠኛው ስብ ለእንቅስቃሴ ቶሎ ይታዘዛል፤ ግትሩ ከቆዳ ሥር ያለው ነው። በመስታወት ለውጥ ሳታዩ ሜትሩ ከቀነሰ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል፤ ተስፋ ቆርጣችሁ አታቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ጥናት የተሞከረው መድኃኒት ውጤት እንኳ ከዚህ ያነሰ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሆድ ሁሉ ቦርጭ አይደለም። በአጭር ጊዜ የተነፋ ሆድ፣ ከእግር እብጠት፣ ከዓይን ቢጫነት፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከሕመም ጋር ከመጣ የጉበት ወይም የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሩጫ ሳይሆን ሐኪም ይፈልጋል። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ባመጣች ሯጭ ስም የተሰየመ ሆስፒታል በአካባቢያችሁ መኖሩ መልካም ነገር ነው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም አመጋገባችሁን ከመለወጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

የመጨረሻው ቃሌ ለመኪና ባለንብረቶች፣ ለትራንስፖርት ማኅበራትና ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሾፌሩን ዓይን እንመረምራለን። ወገቡና የደም ግፊቱም ይለኩ፤ ስኳሩም ይታይ። ሜትር ርካሽ ነው፤ ግፊት መለኪያም በየጤና ጣቢያው አለ። 40 ቶን ጭኖ ወደ ሞጆ የሚወርድ ሰው መሪ ላይ ስትሮክ ቢመታው የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ይህ ምርመራ በዚህ ዓመት ከቃሊቲ እንዲጀመር እጠይቃለሁ።